ቀዩ ላሜራ

ፌንዮ የመኪናውን ሆድ ላሜራ ሳያስለብስ ወደ ሙሽሪት አገር እንደማይነዳ የተናገረው፣ ሁሉም ለብሰው ካለቁ፣ ጸሎት ካደረሱና በሩ ከተቆለፈ በኋላ ነው። ኦናሌና ሰማያዊ የቺት ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻሿን አጥብቃ አስራ፣ ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ ከሣጥን የሚወጣውን ባለዘርፍ ሻሏን ትከሻዋ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያይዛ፣ አንድ እግሯን መኪናው ውስጥ አስገብታ ነበር። የገባው እግር እዚያው ቀረ። የሟች እኅቷ ልጅ ቱሶ፣ ከማጥባት በቀር የእናት ነገር ያላስቀረችበት ልጅ፣ ዛሬ ሚስት ሊለመንለት ነው። ሙሽራው በደንቡ እቤቱ ይቀራል፤ የሚሄዱት ትዳር ያላቸው ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ከእነሱም መካከል አፍ የሚከፍተው የእናቱ ወንድም፣ ማሎሜው ነው። ማሎሜው ካልተናገረ የሌላው ሁሉ ንግግር እንደ ሳል ይቆጠራል። እግዚአብሔር ለቱሶ የሰጠው ማሎሜ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የኦናሌና ታናሽ ወንድም፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ክፍል ኃላፊ፣ የባለ ሁለት ጋቢናዋ ነጭ ፒክአፕ ባለቤት ፌንዮ።

«እንዲሁ ራቁቷን ወደዚያ ጉቶ ውስጥ አልነዳትም» አለ፣ የመኪናውን ኮፈን እንደ ፈረስ አንገት እየዳበሰ። «አንዱ ጉቶ የዘይት ቋቷን ቢቀድድብኝ ማን ሊሠራልኝ ነው? አንቺ?»

«ዛሬ ነው እንዴ ይሄ የሚታሰበው፣ ፌንዮ?»

«መቼ ይታሰብ ታዲያ? መንገዱ እኮ ዛሬ ነው ያለው፣ እትዬ።»

መልሱ ብልህነት መሰለውና ለብቻው ፈገግ አለ። ከኋላ ወንበር ላይ የልጁ የአባት ወገን ሽማግሌ ራ ሴካኖ፣ ከልጃቸው በተዋሱት ሰፊ ኮት ውስጥ እንደ ጠፉ ተቀምጠው ዳዊታቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ቱሶ ከአጥሩ ሥር ቆሞ አጎቱን ሊለምን አፉን ሲከፍት ኦናሌና በዓይኗ ዝም አሰኘችው። ይህ ሦስተኛው ቀጠሮ ነው። በመጀመሪያው ፌንዮ ስብሰባ ገጠመው። በሁለተኛው አዲሶቹ ጎማዎች አልደረሱለትም፤ አሮጌዎቹ ግን በየቀኑ መሥሪያ ቤት አድርሰው ይመልሱት ነበር። የሙሽሪት አጎት ራ ኬቦናንግ ከዚያ በኋላ ከሞቶሎ መንደር የላኩት ቃል አጭር ነው፦ ለመጨረሻ ጊዜ ወንበር ደርድረን እንጠብቃለን፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልመጣችሁ ወንበሮቹን እናስገባለን፤ ካስገባን አናወጣም። ቱሶ ይህንን ቃል ከሰማ ጀምሮ እህል በቅጡ አልበላም። ጋኦኔ፣ የምትለመንለት ልጅ፣ ለአጎቶቿ ቃል አቀባይ ሆና ሁለት ጊዜ «ይመጣሉ» ብላ ሁለት ጊዜ አፍራለች፤ ሦስተኛውን ሐፍረት ትችለው እንደሆነ እንጃ ብላ ላከችበት። ፌንዮም ይህን ሁሉ ያውቃል። ሰው ስላላወቀ ብቻ የሚበድል ቢሆን ኖሮ ዓለም ግማሽ ሸክሟ በቀለለ ነበር።

ላሜራ የሚገጥመው ሱቅ የጋቦሮኔ ፋብሪካዎች ካሉበት ሰፈር፣ ብሮድኸርስት ውስጥ ነው። ሱቅ ተባለ እንጂ እንግዳ መቀበያው የሀብታም ሳሎን ይመስላል፤ ቆዳ ወንበር፣ የሚያንኮራፋ አየር ማቀዝቀዣ፣ ግድግዳው ላይ መኪኖች ድንጋይ እንደ ዝንጀሮ ሲወጡ የሚያሳይ ቴሌቪዥን። ወንበሮቹ ላይ የተደላደሉት ወንዶች ባለብዙ ኪስ ቁምጣና እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ቦት ጫማ አድርገዋል፤ ከቦቶቹ በአንዱም ላይ አፈር የሚባል ነገር አይታይም። ወሬያቸው ድንጋይ ነው። አባቶቻቸው ስለገደሉት አንበሳ እንደሚያወሩት፣ እነዚህ መኪናቸውን ስለመታ ድንጋይ ያወራሉ። ከመካከላቸው ጠበቃ ነኝ ያለ አንድ ባለ ቦርጭ ሰው፣ ማካዲካዲ የጨው ሜዳ ላይ መንጋጋ የሚያህል ድንጋይ ከሥሩ ገብቶ ካምቢዮውን ሊያወጣው እንደነበር ተረከ።

«ማካዲካዲ ላይ ደግሞ ድንጋይ አለ እንዴ?» አለ አጠገቡ የተቀመጠው። «ጨው ብቻ አይደል ያለው?»

«ለእኔ ግን ነበረ» አለ ጠበቃው፣ ተቀይሞ።

ፌንዮ እዚህ መካከል ሲገባ ቁመቱ የጨመረ መሰለ። ቦንትሌ የምትባለው ሻጭ ልጅ ሦስቱን ዓይነት ላሜራ ጥቁር ምንጣፍ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ደርድራ፣ ረጅም ቀይ ጥፍሯን በእያንዳንዱ ላይ እያንሸራተተች አስረዳች። አንዱ ወፍራም ጥቁር ብረት ነው፤ ከባድ ነው፤ ግን አሥር ጉቶ ቢመታው አይታጠፍም። ሌላው እንደ ጎማ ያለ ፕላስቲክ ነው፤ ድምፅ አይሰጥም። ሦስተኛው ከፊት መከላከያ እስከ ካምቢዮ ድረስ ሙሉ ሆዷን የሚሸፍን፣ ደም የመሰለ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ መካከሉ ላይ የሚሮጥ ጎሽ የታተመበት አሉሚኒየም ነው፤ ዋጋው ከሁለቱ ድምር ይበልጣል። ፌንዮ በጥፍሩ አንኳኳቸው። ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጣቸው። ፎቶ አንሥቶ ለጓደኞቹ ላከና መልስ እስኪመጣ ጠበቀ። ወጣ ብሎ መኪናዋን ከሩቅ አያት፤ ተመልሶ ቀዩን አየ። ቀለሙ ከነጩ ጋር ይሄድ እንደሆነ ጠበቃውን ጠየቀ። ኦናሌና ሻሏን ሰብስባ ጥግ ላይ ተቀምጣ፣ እኅታቸው በሞተች ሰሞን የቀብር ዕቃ ሱቅ ውስጥ እንዲሁ ጥግ ላይ የተቀመጠችበትን ጠዋት አሰበች። ያኔ ፌንዮ ሣጥን ለመምረጥ የቀረበለት ሻይ እስኪቀዘቅዝ እንኳ አልቆየም። «ያ የዳር ዳሩ ይሁን፤ እሷ እንደሆነ አታየው» ብሎ ወጣ። ያን ቃል ኦናሌና ለማንም ሳትነግር፣ ለቱሶም ሳትነግር፣ በልቧ እንደያዘችው አለች። ይቅር ለማለት በየእሑዱ ትሞክራለች፤ በየሰኞው ይመለስባታል።

«ራ» አለች ቦንትሌ፣ «ጌታዬ» ማለቷ ነው፣ ወደ ጥቁሩ ብረት እየጠቆመች፣ «ሳር ያለበት መንገድ ይነዱ ይሆን? ምክንያቱም ይሄኛው እነዚህን ክፍተቶች አበጅተውለታል። ሳሩ በዚህ በኩል ይወጣል። የከብት በረት ያላቸው ሰዎች እሱን ነው የሚወስዱት።»

ፌንዮ ሳቀ፤ ወንዶቹም እንዲሰሙት ጮክ አድርጎ ነው። «ገንዘቤን ከፍዬ ቀዳዳ ልግዛ? ወንፊት ነው እንዴ? እኔ እኮ ዱቄት አልነፋም፣ የኔ እመቤት!»

ጠበቃው ጭኑን እየመታ ሳቀለት። ቦንትሌም የሻጭ ነገር ሆነባትና አብራ ሳቀች። ፌንዮ ግን እየሳቀ ሳለ ወደ ኦናሌና አላየም። አለማየቱን ኦናሌና አየችው። ልጅ ሳሉ አባታቸው አንድ ያረጀች የጭነት መኪና ነበረቻቸው፤ ክረምቱ አልፎ ሳሩ ደርቆ ሲቆም ወደ በረቱ ይዘዋቸው ሲሄዱ፣ በየአጥሩ በር ላይ ቆመው «ውረዱ» ይላሉ፤ ኦናሌናና ፌንዮ ጫፉ የተቆለመመ ሽቦ ይዘው በደረታቸው እየተሳቡ ከሥር ይገቡና፣ ማርሚታው ዙሪያ የተጠቀጠቀውን ጭድ ይጎለጉላሉ። ካልተጎለጎለ ይነድዳል። ይህንን በዚያ አገር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ መማር አይፈልግም። አንድ ጊዜ ፌንዮ ፀጉሩ ውስጥ ጭድ ተሰክቶበት ትምህርት ቤት ገብቶ ልጆቹ «በሬው» ሲሉት ከረሙ። ክፍል ኃላፊ ከሆነ ወዲህ ስለዚያች መኪና አንዲት ቃል ተናግሮ አያውቅም፤ አባታቸውም ከበረቱ በቀር ሌላ ታሪክ የሌላቸው ይመስል፣ ስለ እሳቸውም ማውራት ትቷል።

ቀዩን መረጠ።

መግጠሙ ጊዜ ወሰደ። መኪናዋ ማንሻ ላይ ተሰቅላ፣ ሠራተኞቹ ቡሎኖቹን ሲያስገቡ፣ ፌንዮ ከሥሯ ቆሞ ወደ ላይ እያየ ሦስት ጊዜ ሸሚዙን አስተካከለ። ረፋዱ አለፈ። ስልኩ ሲጮኽ አንሥቶ «መንገድ ላይ ነን፤ ከተማውን ለቀን ወጥተናል» አለ። የደወለው ቱሶ ነበር። ኦናሌና ከንፈሯን ነክሳ ወደ ውጭ ወጣች። ራ ሴካኖ አጥሩ ጥላ ሥር፣ ከመንገድ የገዙትን ማግዊኛ፣ በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ሊጥ፣ በወረቀት ይዘው ዘይት የነካውን ጣታቸውን በጥንቃቄ ከኮቱ አርቀው እየበሉ ነው። አንዱን አቀበሏት።

«እኔ ሚስቴን ሲለምኑልኝ አጎቶቼ በበሬ ሠረገላ ነው የሄዱት» አሉ ሽማግሌው። «የበሬዎቹን ሆድ ምንም አላለበስናቸውም።»

«ደረሱ?»

«ምን ጥያቄ ነው ይሄ፣ ልጄ? ይኸው ዐርባ ዓመት ስትጨቀጭቀኝ።»

ኦናሌና ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ቶሎ ደረቀ። ፀሐይዋን ቀና ብላ አየች። ጌታ ሆይ፣ አለች በልቧ፣ እኔ ለዚህ ሰው የምለው ነገር አልቆብኛል፤ አንተ በለው። ከዚህ የረዘመ ጸሎት አልመጣላትም።

ከቀትር በኋላ ተነሡ። ቦንትሌ በመስኮቱ በኩል፣ አዲስ ቀለም ሙቀት ሲነካው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ትንሽ ሊሸት እንደሚችል፣ እንዳይደነግጡ ነገረችው። ከዚያ ሁሉ ከተናገረችው ውስጥ ፌንዮ ሰምቶ የያዘው ይህችን ብቻ ነው። አስፋልቱ ላይ ሳሉ ስለ ላሜራው ውፍረት፣ ስለ ቀለሙ አቀባብ፣ ጓደኞቹ ፎቶውን አይተው ስላሉት ሁሉ አወራ። ራ ሴካኖ አንቀላፉ። ኦናሌና ጣቶቿን ቆላልፋ የመንገዱን ዳር ታያለች። ለሚስት ልመናው ምን ብሎ እንደሚጀምር፣ የሙሽሪት አጎቶች ቢያስጨንቁት ምን እንደሚመልስ ልትጠይቀው ፈለገች፤ ግን ጥያቄዋ በላሜራው ወሬ መካከል የሚያልፍበት ቀዳዳ አጣ። ሌትላኬንግ ላይ አስፋልቱ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ያለው አሸዋ ነው፤ ሁለት የጎማ መስመር፣ መካከላቸው ደግሞ እስከ ጉልበት የቆመ የደረቀ ሳር። በዚያ ዓመት ዝናቡ ደኅና ስለነበር ሳሩ ከሌላው ጊዜ ይረዝም ነበር። ከመኪናዋ ሥር ያለማቋረጥ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ይመጣ ጀመር፤ ብዙ ሴቶች በአንድነት የሚያንሾካሹኩ ያህል።

ጉቶ ግን አልነበረም። መንገዱን የመንደሩ ሰዎች ጠርገውታል። ፌንዮ ይህ አበሳጨው። ብዙ ከሄዱ በኋላ ከመስመሩ ዳር አንዲት አጭር ጉቶ ሲያይ፣ መሪውን ጠምዝዞ ሆን ብሎ ላይዋ ላይ ነዳ። ከሥር ጓ! አለ። ራ ሴካኖ ባንነው ነቁ።

«ሰማሽ?» አለ ፌንዮ፣ ፊቱ በርቶ። «ሰማሽ እትዬ? ይሄኔ እኮ ቋቷ ተቀድዶ ነበር!»

«አንተ ባትሄድባት ኖሮ አትነካህም ነበር።»

«አይገባሽም» አለ፣ በእውነት አዝኖላት።

የከብት አጥሩ በር ጋ ሲደርሱ ኦናሌና ልትከፍት ወረደች። በሩን ገፍታ ስትመለስ አፍንጫዋን የሆነ ነገር ነካት። ጎንበስ ብላ አየች። ከቀዩ ላሜራ የኋላ ጫፍ ጭዱ እንደ ሽማግሌ ጢም ተንጠልጥሏል፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ያለው ደግሞ ተጠቅጥቆ ፍራሽ ሆኗል። የሚወጣበት የለም።

«ፌንዮ፣ ሳር ይዛለች። ውረድና እናውጣው።»

«በኮት?»

«ኮቱን አውልቀዋ!»

«አውልቄስ? ሸሚዙስ? የሰው አገር ለልመና በጭድ ተሸፍኜ ልግባ? ሽታው እንደሆነ የቀለም ነው፤ ልጅቷ ነግራናለች። ግቢ፣ ፀሐይዋ እየሄደች ነው።»

ፀሐይዋ እየሄደች መሆኗ ለፌንዮ የታየው ገና አሁን ነው። ኦናሌና ቀሚሷን አየች፤ ሰማዩን አየች። ራሷ ልትገባ አስባ ነበር፤ ግን እሷ ከገባች ይመሻል፣ ከመሸ ወንበሮቹ ይገባሉ። ይህንን አመዛዝና፣ መኪናዋ ስታልፍ የአጥሩን በር ዘግታ ተመልሳ ገባች። በኋላ በዚህ ራሷን ወቅሳለች።

ሞቶሎ ከአንዲት ዝቅተኛ ጉብታ ማዶ ነው። ጉብታውን ሲያልፉ የመንደሩ መሰብሰቢያ ትልቁ የግራር ዛፍ፣ ከሥሩም የተደረደሩት ወንበሮችና የተቀመጡት ሰዎች ወለል ብለው ታዩ። ሰዎቹም እነሱን አዩ፤ አንድ ሁለቱ ቆሙ። በዚያው ቅጽበት ጭሱ በወለሉ በኩል ወደ ውስጥ ገባ። ራ ሴካኖ ዳዊታቸውን ይዘው በሩን ከፍተው ወረዱ፤ መኪናዋ ገና አልቆመችም ነበር። ፌንዮ ሲያቆም ከሥር የሚንጣጣ ነገር ይሰማል፤ ቀዩ ላሜራ ላይ ቢጫ ነበልባል እንደ ምላስ ወጣ ገባ ይላል።

ፌንዮ ወርዶ መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞራት። ከዚያ ስልኩን አወጣ። ኦናሌና እሳት አደጋ ሊጠራ መስሏት ነበር፤ በዚያ በረሃ ማን እንደሚመጣ ባታውቅም።

«ቦንትሌ ነሽ?» አለ ፌንዮ። «ዛሬ ጠዋት ያስገጠምኩት... አዎ፣ ቀዩ። ስሚኝ፣ ዋስትናው ቃጠሎን ይጨምራል?»

«ፌንዮ! ኮትህን ስጠኝ!»

«ምን?»

«ኮትህን! ላፍነው!»

ፌንዮ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ኮቱን ያዘ። «አብደሻል? ማሎሜ ያለ ኮት እንዴት ብሎ በሽማግሌዎች ፊት ይቆማል? ደንቡን አታውቂም?»

ደንቡን ታውቃለች። ወንድ ያለ ኮት እዚያ ዛፍ ሥር አይገባም፤ ሴትም ያለ ሻል አትገባም። ኦናሌና የመርፌ ቁልፉን ፈትታ ሻሏን አወለቀች፤ በደረቷ ተኛችና፣ ልጅ ሳለች እንደምትሳበው እየተሳበች ከመኪናው ሥር ገባች። አሸዋ በእፍኟ ዛቀች፤ ወረወረች፤ ዛቀች። የሚነድደውን ጭድ በሻሉ ጠቅልላ ጎተተች፤ ሻሉ ተቀጣጠለ፤ በአሸዋ አዳፈነችውና በቀረው ጎተተች። ራ ሴካኖ የመጠጥ ውኃውን ጀሪካን እያጋደሉ ከጎን አፈሰሱ፤ ከዚያ ከመቀመጫው ሥር መፍቻውን ፈልገው ቡሎኖቹን ይፈቱ ጀመር። ከላይ በኩል የፌንዮ ድምፅ ይመጣል፦ «ቀስ! ቀስ በሉ! ቀለሙን እንዳትጭሩት!» የመጨረሻው ቡሎን ሲወጣ ላሜራው ከነጭዱ አሸዋው ላይ ወደቀ፤ ኦናሌና በእግሯ ገፍታ አራቀችው። እሳቱ የሚይዘው አጣ። ጠፋ።

ስትወጣ ቅንድቧ የለም ማለት ይቻላል። መዳፎቿ ጥቁር ሆነው አንዱ ውኃ ቋጥሯል፤ ቀሚሷ ከደረቷ እስከ ጫፉ አመድና ዘይት ነው። ከሻሏ የቀረው ዘርፉ ብቻ ነበር። ፌንዮ ግን በመጀመሪያ ያየው መኪናዋን ነው፤ ጎንበስ ብሎ ሥሯን አየ፤ ቱቦዎቿ ደኅና መሆናቸውን አረጋግጦ «ተመስገን» አለ። ከዚያ ወደ ላሜራው ሄደ። በአንድ በኩል ጠቁሯል፤ ጎሹ ግማሽ አካሉን አጥቷል። በጣቱ ነካ አድርጎት እጁን መልሶ አራገፈ።

«እንሂድ» አለች ኦናሌና። «በእግር እንሂድ፤ ፀሐይዋን እያት።»

«ትንሽ ይቀዝቀዝልኝ። እዚህ ጥዬው ብሄድ ይወስዱታል።»

«ማን?»

«ሰው ነዋ! አታውቂም የገጠር ሰው?»

ኦናሌና ጀርባዋን ሰጥታው ወደ ዛፉ ዞረች። ራ ሴካኖ ኮታቸውን አራግፈው ቆለፉ፤ ክንዳቸውን ሰጧት። ሁለቱ በአሸዋው ላይ ቀስ እያሉ ወደ ዛፉ ሲሄዱ፣ ፌንዮ ላሜራው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ፣ ትኩስ ገንፎ እንደቀረበለት ሰው እፍ ይልበታል።

ከዛፉ ሥር ማንም አልተንቀሳቀሰም። ራ ኬቦናንግ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል ያቆሙ ሽማግሌ ናቸው። እንግዶቹ በደንቡ ዝቅ ብለው፣ ከወንበሮቹ ራቅ ባለው ሥፍራ ተቀመጡ፤ ኦናሌና ያለ ሻል ወደ ውስጥ ማለፍ ስለማትችል ከጥላው ጫፍ ወዲያ መሬት ላይ። ፀሐይዋ ጉብታውን ልትነካ አንድ ጣት ቀርቷታል።

«የልጁ ማሎሜ የታሉ?» አሉ ራ ኬቦናንግ።

ራ ሴካኖ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መኪናው ዘንድ ናቸው፣ ራ።»

«ምን ያደርጋሉ?»

ሽማግሌው ወደ ኦናሌና ዞሩ። መዋሸት ይቻል ነበር። አመመው፣ እጁ ተቃጠለ፣ እየመጣ ነው ማለት ይቻል ነበር፤ ለወንድሟ ስትል ዕድሜዋን ሙሉ ስትለው የኖረችው ነው። ቱሶን አሰበች። ጠዋት አጥሩ ሥር ቆሞ ሳለ አፉን እንዴት እንደዘጋችው አሰበች።

«ላሜራው እስኪቀዘቅዝላቸው እየጠበቁ ነው» አለች።

አንዲት አሮጊት አፋቸውን በሻላቸው ጫፍ ሸፈኑ። ሌላ ሰው ሳለ፤ ሳሉ ሳቅ ነበር። ራ ኬቦናንግ ግን አልሳቁም። ከዘራቸውን አንሥተው ወደ መንገዱ ጠቆሙ።

«እኛ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነን» አሉ። «ከዚህ ሆኖ መንገዱ ሁሉ ይታያል። እሳቱንም አይተናል፤ ከመኪናው ሥር የገባውን ሰውም አይተናል፤ ቆሞ ስልክ የሚያወራውንም አይተናል። የልጁ ማሎሜ የት እንዳሉ የጠየቅኩት ሳላያቸው ቀርቼ አይደለም። አጠገቤ ያሉት ሰዎች በጆሯቸው እንዲሰሙት ነው።» ከዘራቸውን መልሰው አቆሙ። «ከሥር የገባው ሰው ይናገር።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሴት እንደሆነች ሊያስታውሳቸው ፈልጎ «ነገር ግን ራ...» ብሎ ጀመረ፤ ራ ኬቦናንግ አላዩትም። ያን ጊዜ አፋቸውን ሸፍነው የነበሩት አሮጊት፣ የጋኦኔ አክስት ናቸው፣ ወንበራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ወደ ጥላው ጫፍ መጥተው የራሳቸውን ሻል አወለቁ፤ ኦናሌና ትከሻ ላይ አደረጉላት፤ የሷ ጣቶች መያዝ ስላቃታቸው መርፌ ቁልፉን ራሳቸው ቆለፉላት። «ግቢ፣ ልጄ» አሉ። «ሲመሽ ይበርዳል።»

ኦናሌና ገባች። ደንበኛውን የልመና ቃል፣ አጎቶች ሲሉት እንጂ እሷ አንድም ቀን ብላው የማታውቀውን፣ ሙሽሪትን ቅል ብሎ የሚጠራውን ቃል አለችው፦ «እኛ መንገደኞች ነን፤ በቤታችሁ ውኃ የሚቀዳበት ቅል አለ ብለውን ልንለምን መጥተናል።» ድምፅዋ በጭስ ሰልሏል። ጥያቄ ጠየቋት፤ መለሰች። ስለ ልጁ ጠባይ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ እናቱ መቃብር ጠየቋት፤ ያለውን ብቻ ተናገረች። ለጥሎሽ ስለሚሰጡት ላሞች ራ ሴካኖ ተናገሩ። ከቤቶቹ በኩል አንዲት ልጅ መጋረጃ ገለጥ አድርጋ አይታ ቶሎ መለሰችው፤ ኦናሌና ጋኦኔን በፎቶ ብቻ ነበር የምታውቃት። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ነገሩ አልቆ፣ ሰዎቹ «ይሁን» ብለው፣ የዝንጅብል መጠጥ በጣሳ መዞር ጀምሮ ነበር።

ፌንዮ የደረሰው ይሄኔ ነው። ኮቱን እንደቆለፈ፣ ላሜራውን በሁለት እጁ እንደ ትሪ ተሸክሞ፣ ጥላሸቱ ደረቱን ሙሉ አጥቁሮት መጣ። ዛፉ ሥር ሲደርስ ቆመ። ሁሉም ዞሮ አየው። ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ትንሽ ቀና ብሎ፣ የተዘጋጀበትን ንግግር ሊጀምር አፉን ከፈተ።

«እንኳን ደኅና መጣህ፣ ማሎሜ» አሉ ራ ኬቦናንግ፣ ቀደም ብለው። «ጨርሰናል፤ ላሞቹንም ተስማምተናል። ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ምራቂ ነው?»

መጀመሪያ የሳቁት አሮጊቷ ናቸው። ከዚያ ሴቶቹ፣ ከዚያ ወንዶቹ፣ በመጨረሻም ጣሳቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው ራ ሴካኖ። ፌንዮ ወደ እኅቱ ዞረ። አንድ ቃል እንድትለው፣ ሁልጊዜ እንደምታደርገው ነገሩን እንድታለሰልስለት በዓይኑ ለመናት። ኦናሌና ጣሳዋን በተቃጠለው እጇ እንዳትደፋው ተጠንቅቃ ስትጠጣ ነበር። ጎንበስ ብላ ጠጣች።

«አዎ» አለ ፌንዮ። «ምራቂ ነው።»

«እግዜር ይስጥልን» አሉ ራ ኬቦናንግ፣ ፊታቸው ሳይፈታ። «እዚያ ምድጃው ጋ አስቀምጠው፤ ሴቶቹ ሥራ አያጡለትም።»

ሲሰናበቱ ባለ ሦስት እግሩ ድስት ላሜራው ላይ ተጥዶ ነበር፤ ከጎሹ የቀረው የኋላ እግሮቹ ብቻ ከድስቱ ሥር ብቅ ብለው ይታዩ ነበር። ፌንዮ እጅግ ቀስ ብሎ ነዳ። የከብት አጥሩ በር ጋ ሲደርሱ ኦናሌና በሩን እንድትከፍት ብቻ ሳይሆን ሌላም ነገር የሚጠብቅ ይመስል፣ ሞተሩን አጥፍቶ ወደ እሷ ዞረ። ከሥር ሽታው እንደገና ጀማምሮ ነበር፤ ቀለም የሚሸት ላሜራ ደግሞ አሁን የለም።

«እትዬ» አለ።

ኦናሌና የተዋሰችውን ሻል እስከ አገጯ ሳበችና ዓይኖቿን ጨፈነች። አልተቆጣችም፤ ደክሟት ነበር፤ እጇም ያማታል። ከዚያ በሩ ሲከፈት፣ ኮቱ መቀመጫው ላይ ሲወረወር፣ ከዚያም አሸዋው ላይ በደረቱ የሚሳብ የትልቅ ሰው ትንፋሽ ሰማች።